ቾሰር በሃንዳውት አይነበብም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የብሪታንያ ሥነ ጽሑፍ ዳሰሳ በብዙ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ዘንድ ስሙ «የሽምደዳ ኮርስ» ነው። ምክንያቱ አይጠፋንም። ኮርሱ ከጥንታዊው የእንግሊዝኛ ግጥም ከ«ቤዎልፍ» ተነሥቶ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሺህ ዓመት በላይ ያካልላል። በአንድ ሴሚስተር 15 ሳምንት ሲሰጥ በሳምንት ሰባ ዓመት ገደማ መሮጥ ነው። ስለዚህ መምህሩ ያሳጥራል፣ ኮፒ ቤቱ ያባዛል፣ ተማሪው ይሸመድዳል። ሃንዳውቱ ዘመኑን፣ የደራሲውን ስም፣ የሥራውን ርእስና አራት አምስት «ባሕርያት» ይዘረዝራል፤ ግጥሙ ግን የለበትም። ፋይናል ላይ ስምንት መስመር ያለ ስም ቀርቦ «የማን ነው? በምን አወቅክ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሃንዳውት የያዘው ተማሪ መልስ የለውም። እነዚያን መስመሮች አይቷቸው አያውቅማ።

ይህን የምንጽፈው ኮርሱን የምናስተምር ሰዎች ነን። የምንለው ነገር አንድ ነው፦ አማርኛ አፉን የፈታበት ተማሪ ወደዚህ ኮርስ ባዶ እጁን አይመጣም፤ እንዲያውም በአንዳንድ ነገር ከለንደን ተማሪ ይሻላል። ጥፋቱ ያን መሣሪያ ክፍል በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ ማስለመዳችን ነው። (ከታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከገጣሚው ከቾሰር እንጀምር። የ«ካንተርበሪ ተረቶች» መቅድም 858 መስመር ነው። ተማሪው ገጹን ሲገልጥ ፊደሉ የተዛነፈ እንግሊዝኛ ይመስለውና በዛሬው አነባበብ ሊወጣው ይሞክራል፤ ያኔ ቤቱም አይመታለትም፣ ምቱም ይሰበርበታል። ከ1400 እስከ 1700 ገደማ የእንግሊዝኛ ረጃጅም አናባቢዎች ከቦታቸው ተንቀሳቅሰዋል፤ አጻጻፉ ግን በአብዛኛው ባለበት ቀረ። ቾሰር ደግሞ በ1400 ስለ ሞተ ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው የጻፈው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አናባቢዎቹን እንደ ፊደላችን ማንበብ። ዛሬ «ኔም» የሚባለው ስም ያኔ «ናመ» ነበር፤ «ታይም» የሚባለው ጊዜ «ቲመ»፤ «ሃውስ» የሚባለው ቤት «ሁስ»። «ናይት» የሚባለው ፈረሰኛ ባላባት ደግሞ ዛሬ ድምፅ አልባ የሆኑት ፊደሎቹ ሁሉ ይሰሙ ነበር፤ «ክኒኽት»። የዛሬ እንግሊዛዊ የሚውጣት የቃል መጨረሻ አናባቢ ቾሰር ዘንድ ብዙ ጊዜ የራሷ ቀለም ናት፤ ድምፅዋም ከ«ለ»፣ «መ»፣ «ተ» የግዕዝ አናባቢ ጋር ይቀራረባል። የመጀመሪያው መስመር «ኋን ዛት አፕሪል ዊዝ ሂስ ሹረስ ሶተ» ተብሎ ሲነበብ ሁለተኛው መስመር «ሮተ» ብሎ ቤት ይመታለታል። ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ያቺ የመጨረሻ አናባቢ እንደምትዋጥ ብቻ ማስታወስ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ ይህ ሁሉ አዲስ ቋንቋ የመማር ያህል ነው፤ ሀ ሁ የቆጠረ ልጅ ግን በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለምደዋል።

ቀጥሎ የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት አለ። የመቅድሙ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር 18 መስመር ነው። የአፕሪል ካፊያ የማርችን ድርቅ እስከ ሥሩ ዘልቆ ሲያረሰርስ፣ የምዕራብ ነፋስ ቡቃያውን ሲቀሰቅስ፣ ወፎች ሲያዜሙ እያለ ይሄድና ዋናው ሐሳብ፣ «ያኔ ሰው መሳለም ያምረዋል» የሚለው፣ 12ኛው መስመር ላይ ይደርሳል። ባለቤቱንና ግሡን ቶሎ መስማት ለለመደ አንባቢ ይህ ያደክማል። እኛ ግን «ሲ…፣ ሲ…፣ ሲ…» ብለን ቆይተን ግሡን መጨረሻ ላይ ማሳረፍ ከእናታችን ጓዳ ያመጣነው ነው። የሚልተን «የጠፋችው ገነት» መክፈቻ ላይም ያው ነው፦ ስለ ሰው የመጀመሪያ አለመታዘዝ፣ ስለዚያች ፍሬ፣ ሞትን ስላመጣው ቅምሻ፣ እያለ አምስት መስመር ከሄደ በኋላ ስድስተኛው ላይ «ዘምሪ» የሚለው ግሥ ይመጣል፤ ዓረፍተ ነገሩም 16ኛው መስመር ላይ ያልቃል። ተማሪዎች ሚልተንን ከመጀመሪያው ቃል ጀምረው ቃል በቃል ሲተረጉሙ ሦስተኛው መስመር ላይ ይጠፋሉ። እርሳስ ይዘው መጀመሪያ ግሡን ይፈልጉ፣ ያክብቡት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሱ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ሲፈቱ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው።

በወቅቶች ነገር ግን አማርኛችን ያስተናል። እንግሊዛዊ «አፕሪል» ሲል የሚሰማው እኛ «መስከረም» ስንል የሚሰማን ነው፤ ብርዱ አልፎ ምድር አበባ የምታወጣበት። «ሰመር»ን አንዱ ተማሪ «በጋ» ይለዋል፤ ሌላው የሐምሌና የነሐሴን የትምህርት ቤት ዕረፍት አስቦ «ክረምት» ይለዋል። ሁለቱም የሼክስፒርን 18ኛ ሶኔት (ባለ 14 መስመር ግጥም) ያበላሹታል። የእንግሊዝ ሰመር ሣሩን የሚያደርቀው የእኛ በጋ አይደለም፤ ጎርፍ የሚያወርደው ክረምትም አይደለም። ለስላሳ፣ አጭር፣ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚናፍቀው ወቅት ነው። ግጥሙ አራተኛው መስመር ላይ የሰመር የኪራይ ውል እጅግ አጭር ነው ሲል ክርክሩ ሁሉ የቆመው በዚያ እጥረት ላይ ነው። «በጋ» ብሎ የተረጎመ ተማሪ ስምንት ወር የሚዘልቅ ኪራይ ስለሚታሰበው ነገሩ አይገባውም። ቃሉን «ሰመር» ብሎ ትቶ በአንድ መስመር ማስረዳት ይሻላል።

ያችኑ ሶኔት ወደ አማርኛ መመለስ የጀመረ ሰው ገና የመጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማል፦ ከሰመር ቀን ጋር ላወዳድርህ ነው ወይስ ላወዳድርሽ? እንግሊዝኛው «ዚ» ብሎ ዝም ይላል። አማርኛ ዝም እንድንል አይፈቅድም። በተለመደው አከፋፈል ከ1 እስከ 126 ያሉት ሶኔቶች ለአንድ ወጣት ወንድ፣ ከ127 እስከ 152 ያሉት በአብዛኛው ስለ አንዲት ጠይም ሴት እንደሆኑ ይነገራል፤ 18ኛው ላይ ግን የተወዳሹን ጾታ የሚናገር አንድም ቃል የለም። ይህን ዝምታ አማርኛ ተናጋሪው ወዲያው ያየዋል። አሳይመንት የሚሆን ጥያቄ ነው፦ «ህ» ብለህ አንብብ፣ «ሽ» ብለህ አንብብ፣ ምን ተለወጠ?

አሁን ወደምንወደው ቦታ ደረስን። «ዛው» እና «ዩ» የሚባሉት ሁለቱ የሼክስፒር ተውላጠ ስሞች በሃንዳውት ላይ «ዛው የድሮ ዩ ነው» ተብለው በአንድ መስመር ያልፋሉ። ስሕተት ነው። ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ነበሩ፤ ልዩነታቸው «አንተ» እና «እርስዎ» ነው። የዛሬ እንግሊዝኛ «ዛው»ን ከተለመደ ንግግር ስላወጣ ተወላጁ ልዩነቱን በትምህርት እንጂ በጆሮው አያገኘውም፤ እኛ ግን በየቀኑ እንኖርበታለን። «ሐምሌት» ሦስተኛ ገቢር አራተኛ ትዕይንት ላይ ንግሥቲቱ ልጇን «ዛው» እያለች ትገሥጻለች፦ «ሐምሌት፣ አባትህን ክፉኛ አስቀይመሃል።» እሱ በ«ዩ» ይመልሳል፦ «እናቴ፣ እርስዎ አባቴን ክፉኛ አስቀይመዋል።» የልጅ «ዩ» የተለመደ አክብሮት ነው፤ ቅመሙ «አባት» የሚለው ቃል ላይ ነው። እሷ የምትለው አባት እንጀራ አባቱን ክላውዲየስን ነው፤ እሱ የሚለው የተገደለውን። ጉዱ የሚመጣው በሦስተኛው መስመር ነው፤ ንግሥቲቱ ራሷ ወደ «ዩ» ትዞራለች። የእኛ እናት ልጇ ሲያሳፍራት «እርስዎ ደግሞ ምን ይላሉ?» ብላ የምትሸነቁጠው ዓይነት ነው፤ አክብሮት መስሎ በር መዝጋት። አማርኛ ሰሚ ይህን ሲያገኝ ክፍሉ ውስጥ ሣቅ ይነሣል፤ ሣቁ ትክክል ነው።

«ንጉሥ ሊር» የመጀመሪያው ትዕይንት ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ኬንት የሚባለው ታማኝ መስፍን መጀመሪያ በማዕረግ እየጠራ ይለምናል፤ ንጉሡ አልሰማ ሲለው በአደባባይ «አንተ ሽማግሌ፣ ምን ልታደርግ ነው?» ይለዋል። ንጉሥን አንተ! የእኛ ተማሪ ኬንት ለምን እንደተሰደደ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ የዚያ ዘመን ሰዎች ሁለቱን በአንድ ንግግር ውስጥ ያለ ምክንያትም ይቀላቅሏቸዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን «ዛው» መተርጎም አይደለም ሥራው፤ ተናጋሪው ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረበትን ቦታ ማክበብ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት» እና «ኦቴሎ»፣ የከበደ ሚካኤል «ሮሜዎና ዡልየት» በእጁ ያለ ተማሪ ትዕይንቱን ከእንግሊዝኛው ጎን አስቀምጦ ተርጓሚው የት ላይ አንተ፣ የት ላይ እርስዎ እንዳለ ይመልከት። ትርጉሙ ግን ለፈተና ማስረጃ አይሆንም። ጥቅሱ ከእንግሊዝኛው መሆን አለበት።

ዡልየት ስሟ ከተነሣ አይቀር፣ ከሰገነት ላይ ሆና «ዌርፎር» ስትል «ሮሜዎ ወዴት ነህ?» ማለቷ አይደለም፤ «ስለምን ሮሜዎ ሆንክ?» ማለቷ ነው። ልጁ እታች ቆሞ እየሰማት ነው። እንዲህ ያሉ አሳሳች ቃላት በጣም ብዙ ናቸው፤ የሚያደናግሩትም እንግዶቹ ሳይሆኑ የምናውቃቸው የሚመስሉን ናቸው። «ፎንድ» ያኔ ብዙ ጊዜ ሞኝ ማለት ነው፤ «ሌት» መከልከልም ይሆናል፤ «ዎንት» መፈለግ ሳይሆን ማጣት፤ «ፕሬዘንትሊ» ደግሞ ወዲያውኑ። የማያውቁትን ቃል ሁሉም ይፈልገዋል፤ የሚያውቁትን ማንም አይፈልግም። መፈለግ ያለበት ያ ነው።

የምት ትምህርት ላይ ግን አማርኛችን ወጥመድ ያስቀምጥብናል። የእኛ ግጥም ቀለም ይቆጥራል፦ የወል ቤት ስድስት ስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። የሼክስፒርና የሚልተን መስመር አሥር ቀለም ስለሆነ ጆሯችን ወዲያው ሰንጎ መገን ይሰማና መሐል ላይ ይቆርጠዋል። 18ኛው ሶኔት ደግሞ ለዚህ ስሕተት ይመቻል፦ «ሻል አይ ኮምፔር ዚ» አምስት፣ «ቱ ኤ ሰመርስ ዴይ» አምስት። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ቁርጡ «ዘ» እና «ዳርሊንግ» መካከል ይወድቃል፤ መስተአምሩን ከስሙ ነጥሎ ቤት መቁረጥ ማለት ነው፤ እንግሊዛዊ ጆሮ እዚያ አያርፍም። የእንግሊዝኛው መስመር የሚቆመው በዕረፍት ሳይሆን በጫና ነው፤ ደካማ፣ ብርቱ፣ ደካማ፣ ብርቱ፣ አምስት ጊዜ። «ኮምፔር» ውስጥ «ፔር»፣ «ሰመርስ» ውስጥ «ሰ» ይከብዳሉ። በጠረጴዛ ላይ በጣት እየመቱ ማንበብ የሚረዳው ለዚህ ነው። ሌላው ጥፋት መስመሩን በፊደል ጽፎ መቁጠር ነው። «ስትሬንግዝ» በእኛ ስድስት ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አንድ ቀለም ብቻ። ፊደል ሳይሆን አናባቢ ነው የሚቆጠረው።

ሰምና ወርቅም እንዲሁ ሲጠቅምም ሲያሳስትም ይገኛል። ጆን ደን ለእግዚአብሔር አብ በጻፈው ምስጋና ላይ «ዳን» የሚለው «ፈጸምክ» የሚል ቃል ከራሱ ስም ጋር ይገጥማል። አንተ ስትፈጽም አልፈጸምክም፣ ይላል፤ ወርቁ፦ ደንን ገና አላገኘኸውም። ይህ በትክክል ኅብር ነው፣ አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክሞ፤ ቅኔ ቤት ያልዋለ ልጅ እንኳ ይገባዋል። ሁለት ፍቅረኛሞችን ከጂኦሜትሪ ኮምፓስ ሁለት እግሮች ጋር ያመሳሰለበት የስንብት ግጥሙ ግን ሰምና ወርቅ አይደለም። ሦስት አንጓ ሙሉ የተዘረጋ ንጽጽር ነው፤ ተሰውሮ የሚወጣ ሁለተኛ ፍቺ የለውም። ሁሉን ነገር «ሰምና ወርቅ» የሚል መልስ ነጥብ ያሳጣል፤ ያሳጣውም።

የስዊፍት «ትሑት ሐሳብ» (1729) ግን ሰሙን ለወርቅ የሚወስድ አንባቢ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። ተናጋሪው የአየርላንድን ድሆች ሕፃናት ለምግብ እንሽጥ ይላል። 120,000 ልጆች ይቆጥራል፣ 20,000ውን ለዘር ያስቀራል፣ 100,000ውን አንድ ዓመት ሲሞላቸው ለገበያ ያወጣል። በየዓመቱ «ስዊፍት ጨካኝ ነበር» የሚል የፈተና ወረቀት አይጠፋም። ተናጋሪው ስዊፍት አይደለም፤ እንደ ሒሳብ ሹም የሚያወራ የፈጠራ ሰው ነው፤ ያ ደረቅ ሒሳብ ነው ወርቁን የሚያወጣው። በብራውኒንግ «የቀድሞዋ ዱቼሴ» (1842) ላይም የሚናገረው መስፍን እንጂ ገጣሚው አይደለም። «ገጣሚው እንዲህ ይላል» ከማለት በፊት «ማን ነው የሚናገረው፣ ለማን?» ብሎ መጠየቅ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ስም አልባ ጥቅስ የመለየት ጥያቄ በሽምደዳ የማይመለስ ይምሰል እንጂ ዓይን ከለመደ ቀላል ነው። ቤት የማይመታ፣ መስመሩ መሐል ላይ የተከፈለ፣ የብርቱ ቃላቱ የመጀመሪያ ድምፅ የሚደጋገም ከሆነ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ወገን ነው፤ «ቤዎልፍ» 3,182 መስመሩን የሚሄደው እንዲህ ነው። (ታሪኩ የሚፈጸመው በዴንማርክና በደቡብ ስዊድን አካባቢ መሆኑን የሚዘነጋ ብዙ ነው፤ እንግሊዝ የተጻፈበት እንጂ የተፈጸመበት ምድር አይደለም።) ዘጠኝ መስመር ያለው አንጓ ሆኖ የመጨረሻው መስመር በአንድ ምት ከሌሎቹ የሚረዝም ከሆነ ስፔንሰር። ቤት የማይመታ ባለ አሥር ቀለም ሆኖ ግሡ ከዘገየና የላቲን ሽታ ካለው ሚልተን ሳይሆን አይቀርም። ሁለት ሁለት መስመር ቤት እየመታ ሐሳቡም ከሁለተኛው መስመር ጋር ግጥም ብሎ ከተዘጋ አሌክሳንደር ፖፕ። እዚህ ላይ ነው ተማሪዎች የሚሳሳቱት፦ የብራውኒንግ ዱቼስም ሁለት ሁለት መስመር ቤት ትመታለች፤ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ መስመሩን እየዘለለ ይፈስሳል። ቤት መምታቱን ሳይሆን ነጥቡ የት እንዳረፈ ይዩ።

በትርጉም የሚነበቡትን ለይቶ መያዝም ይገባል። «ቤዎልፍ» በክፍል የሚነበበው በዘመናዊ እንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ የቃል ምርጫውን ሲያደንቅ ሦስት ገጽ የጻፈ ተማሪ ያደነቀው ተርጓሚውን ነው።

የእትም ነገር ከሁሉ በላይ ተማሪውን ሳያውቀው ይጎዳዋል። በስልክ ላይ በነፃ የወረደ ፋይልና መምህሩ የያዘው መጽሐፍ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጽሑፋቸው ላይሆን ይችላል። የሜሪ ሼሊ ልቦለድ «ፍራንከንስታይን» በ1818 ሲታተም ኤልሳቤጥ የባለታሪኩ የቪክተር የአክስት ልጅ ናት፤ በ1831 እትም ግን ቤተሰቡ ያሳደጋት፣ ሥጋ ዘመዱ ያልሆነች ልጅ ናት። አንዱ «ዘመዱ ናት» ብሎ፣ ሌላው «አይደለችም» ብሎ ሲከራከሩ ሁለቱም አንብበዋል። «የጠፋችው ገነት» በ1667 አሥር መጽሐፍ ነበር፣ በ1674 አሥራ ሁለት ሆነ፤ «ንጉሥ ሊር» የ1608ና የ1623 እትሞቹ በብዙ ቦታ ይለያያሉ። የወርድስወርዝና የኮልሪጅ «ሊሪካል ባላድስ» በ1798 ወጣ፤ ሁሉም የሚጠቅሰው ታዋቂው መቅድም ግን በሁለተኛው እትም ላይ የተጨመረ ነው፤ ስለዚህ «መቅድሙ በ1798» የሚለው የሃንዳውት መስመር ሐሰት ነው። ፋይሉ ሲወርድ የመጀመሪያውን ገጽ ማየትና የእትሙን ዓመት ደብተር ላይ መጻፍ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። ግጥም ሲጠቀስ የመስመር ቁጥር፣ ተውኔት ሲጠቀስ ገቢር፣ ትዕይንትና መስመር ይጻፍ፤ የገጽ ቁጥር በስልክ ላይ ትርጉም የለውም።

ረጅም ልቦለድ ደግሞ በሒሳብ ይያዛል። የኦስተን «ኩራትና መድሎ» 61 ምዕራፍ ነው፤ ሁለት ሳምንት ከተሰጠው በቀን አራት አምስት ምዕራፍ ነው፣ አጫጭር ናቸው። ለፈተናው ዋዜማ ያቆየው ሰው ማጠቃለያ ድረ ገጽ ላይ ይወድቃል፤ የኦስተን ቀልድ ሁሉ ያለው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ስለሆነ ማጠቃለያው የሚያተርፍለት የሠርግ ዜና ብቻ ነው።

ስለ ንባቡ አካሄድ የምናቀርበው ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ትርጓሜ ቤቶቻችን ሲሠሩበት የኖሩት ነው። በሳምንት ሁለት ምንባብ፣ እያንዳንዱ ከ30 እስከ 40 መስመር። መጀመሪያ ንባቡ፦ መዝገበ ቃላት ሳይከፈት፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ፣ ሁለት ጊዜ። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ቀጥሎ ነጠላው ትርጉም፦ ግሦቹ ይከበባሉ፣ ቃላቱ ይፈለጋሉ፣ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በተራ አማርኛ ስድ ንባብ ይጻፋል። ይህ አርባ ደቂቃ ይወስዳል፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው። ነጠላው ሳይያዝ ወደ «ጭብጥ» የሮጠ ተማሪ የጻፈው ጭብጥ ለየትኛውም ግጥም ይሆናል። በመጨረሻ አንድምታው፦ አንድ የሚያጠራጥር ቃል ተመርጦ «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲህ» እየተባለ ሁለት ሦስት ፍቺ ይጻፍና ከግጥሙ ውስጥ የትኛው መስመር የትኛውን እንደሚደግፍ ይጠቆማል። ሁሉም ተደምሮ ሰዓት ተኩል። በ15 ሳምንት 30 ምንባብ ይሆናል፤ 30 ምንባብ በደንብ ያነበበ ሰው ያላነበበውንም መለየት ይጀምራል። ጽሑፍ ሲታዘዝ ድርሰቱ ከሦስተኛው እርምጃ ይወለዳል፦ አንድ ቃል፣ ሁለት መስመር ጥቅስ፣ ሁለት ገጽ ክርክር። ታሪኩን መልሶ መተረክና የደራሲውን ሕይወት መጻፍ ወረቀት ይሞላል፣ ነጥብ አያስገኝም።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግጥም ላይ ይህ አካሄድ ያን ያህል አያግዝም፤ ኤልየት በ1922 ያወጣው ረጅም ግጥም በሰባራ ድምፆች የተሠራ ስለሆነ ግሡን አክብቦ የሚፈታ አይደለም። እዚያ የመምህር እገዛ ግድ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ አገራችን በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ስትጠቀስ የሚታየው ችኮላ ነው። «የጠፋችው ገነት» አራተኛ መጽሐፍ ላይ የአቢሲኒያ ነገሥታት ልጆቻቸውን የሚያስጠብቁበት «የአማራ ተራራ» ይነሣል፤ የአምባ ግሼን ወሬ አውሮፓ ደርሶ ነው። ተማሪው ደስ ይለውና «ሚልተን ገነት ኢትዮጵያ ናት አለ» ብሎ ይጽፋል። መስመሩ የሚጀምረው በአፍራሽ ቃል ነው። ሚልተን ውብ ቦታዎችን እየደረደረ ከኤደን ጋር አይወዳደሩም ነው የሚለው፤ የአማራ ተራራንም «አንዳንዶች እውነተኛዋ ገነት ናት ብለው ያሰቧት» ብሎ አልፏታል። የኮልሪጅ «ኩብላ ካን» ላይ ያለችው አቢሲኒያዊት ልጃገረድ የምትዘፍንለት ተራራ በታተመው «አቦራ» ይባል እንጂ በእጅ ጽሑፉ «አማራ» ነበር። ከሚልተን የሚመጣው መንገድ እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። ሼክስፒር ላይ «ኢትዮፕ» የሚለው ቃል ሲመጣ ግን አገራችንን አትፈልጉ፤ በዚያ ዘመን አነጋገር ጥቁር ሰው ማለት ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ክፍል ውስጥ ቦታ የሚገባው የሳሙኤል ጆንሰን «ራሴላስ» (1759) ነበር፤ በብዙ የኮርስ ዝርዝር ላይ ግን አናየውም። ጆንሰን ኢትዮጵያን አይቶ አያውቅም። በ1735 የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የአቢሲኒያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ ነበር፤ የባለታሪኩ የአቢሲኒያ ልዑል የራሴላስ ስምም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም እንደመጣ ይታመናል። መጽሐፉ ስለ እኛ አይደለም፤ ልዑሉ የሚኖርበት የተድላው ሸለቆ የሐሳብ ቦታ ነው፣ ጥያቄውም ደስታ በምን ይገኛል የሚል ነው። በውስጡ አማራ የሚባለውን ቦታ ከካርታ ጋር ለማመሳሰል መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ይሁንና የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓረፍተ ነገር በሁለት እኩል ክንፍ እንዴት እንደሚመዘን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ጽሑፍ አናውቅም። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ስለመለሱትም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማስተማር ይቻላል። መጽሐፉ ይረዝማል ብሎ የሚፈራ መምህር ካለ፣ 49 ምዕራፍ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ከጥቂት ገጽ አያልፉም፤ በቀን አራት ምዕራፍ ቢነበብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ለዚያ የሚሆን ቦታ ከተፈለገ ደግሞ፣ ማንም ከማያነበው ከስፔንሰር «ፌሪ ኩዊን» የመጀመሪያ ካንቶ 55 አንጓ ላይ ሃያውን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን መዝለል ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህራን